የአንዲት ማሽን ወንፈል

አለሜ ጽፋ ያለፈችው ቃል ስክሪኑ ላይ ገና አልደረሰም። ጣቶቿ «መሬቴን» ካሉ ቆይተዋል፤ ስክሪኑ «መ» ላይ ቆሟል። ጠበቀች። «ሬ» መጣች። ደግሞ ጠበቀች።

«ደረሰ ልጄ?» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና ከጀርባዋ ቆመው።

ከገነተ ማርያም ንጋት ላይ ተነስተው በእግራቸው ነው የመጡት። መሬታቸውን የእኩል አራሻቸው በክርክር ረትቶ ወስዶባቸዋል። ይግባኝ የሚሉበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። አሁን ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነው።

«ይደርሳል እማሆይ» አለች አለሜ፤ ሆዷ ግን ሌላ ሌላውን ያስባል። መብራት ይጠፋል። መብራቱ ባይጠፋ ማተሚያው ወረቀቱን ይነክሳል። ባይነክስ ቀለሙ ያልቃል። አለሜ በጋ ከክረምት ጃንጥላ ሳትይዝ ከቤት የማትወጣ ሴት ናት።

ድሮ በዚህ የማመልከቻ ጽሕፈት ቤት አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንዱ ቢታመም አራቱ ይሠራሉ። ባለቤቱ ጋሽ አዝመራው እነሱን ሸጡና ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ማሽን አስመጡ። «እናቲቱ» ይሏታል፤ ከጠረጴዛቸው ሥር ነው የምትቀመጠው። ጸሐፊዎቹ ፊት ያለው ስክሪንና መጽሐፍ የሚያህል ሳጥን ብቻ ነው፤ ሁሉም በሽቦ ከእሷ ይጠባል። ሻጩ «ለሠላሳ ሰው ትበቃለች፣ ወጪም ታስቀራለች» ብሎ ምሎላቸው ነበር። በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከደሴ ባለሙያ አስጠራች። ለሠላሳው ቀርቶ ለአምስቱም አልበቃችም።

«አለሜ፣ ምነው ቆምሽ?» አሉ ጋሽ አዝመራው ቀና ሳይሉ። የሰርግ ቪዲዮ በእናቲቱ እየገለበጡ ነው።

«እኔ መቼ ቆምኩ ጋሼ? የቆመችው እሷ ናት።»

«ሠላሳ ሰው የምትችል ማሽን!»

«ሠላሳውም ከተኙላት።»

አጠገቧ ያለችው ማኅሌት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

አለሜ ብድግ አለች። የስንብት ደብዳቤዋ ታያት፤ በዚችው ማሽን ሲጻፍ፣ «ከሥራ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ሲቀር። እንደ ሌሎቹ ሐሳቦቿ ሊያስፈራት አልቻለም።

«እጅ ከኪቦርድ አንሱ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሁላችሁም! ወንፈል ነው። አሁን የእማሆይን ማሳ እናጭዳለን፣ ከዚያ የማኅሌትን፣ ከዚያ የደባሱን።»

ደባሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ሁለት እጁን እንደተማረከ ሰው ወደ ላይ አደረገ። ማኅሌት ተከተለችው። የቀሩት ሁለቱ ጸሐፊዎችም ተከተሉ።

«ቴ» መጣች፤ «ን» ዱብ አለች። ከኋላዋ ሙሉ ቃል፣ ከቃሉ ኋላ ሙሉ መስመር መጣ። አለሜ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። ሦስት መስመር እንደሄደች ስክሪኑ እንደገና ደረቀ።

ቤቱ ውስጥ እጁን ያላነሳ አንድ ሰው ነበር።

«የርስዎም እጅ ጋሼ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሙሽሮቹ ተጋብተው አብቅተዋል፤ ቢቆዩ ማንም አይቀማቸውም። የእማሆይ መሬት ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሰው ነው።»

ጋሽ አዝመራው ተነሱ። «በገዛ ቤቴ! እንደውም አጠፋታለሁ፣ ሁላችሁም ትገላገላላችሁ!» ብለው ጎንበስ አሉ። አውራ ጣታቸው የእናቲቱ ማጥፊያ ላይ ደረሰ።

«ያጥፏት» አለች አለሜ። ዓይኗን አልሰበረችም። «ስትጠፋ የእኔ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። የአምስታችንም ሥራ፣ የሙሽሮቹም ሰርግ አብሮ ነው። እንደዚያ አድርገው ነው የገዟት።»

ጣታቸው እዚያው ቆየ።

«ልጄ፣ ያንተም ተራ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ እኛም እናግዝሃለን» አሉ እማሆይ ረጋ ብለው።

ጋሽ አዝመራው ተመልሰው ተቀመጡ። ቪዲዮውን አቆሙና እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። «አምስት ደቂቃ!» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ።

በአራተኛው ደቂቃ ማተሚያው ወረቀቱን ሳበ። አልነከሰም። እማሆይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ስማቸው ሥር አሳረፉ።

አለሜ ጃንጥላዋን በአንድ እጇ፣ የእማሆይን ክንድ በሌላው ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

«እንዲህ ከሆነ የቤቱን ቁልፍ አስረክበሽ ውጪ!» አሉ ጋሽ አዝመራው።

ዞር አለች። «ስመለስ የማኅሌት ተራ ማለቅ አለበት» አለችና ወጣች።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ፍርድ ቤቱ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ጽሕፈት ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ብቻ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሳያቋርጥ ይንጣጣ ጀመር።