ለስቅታው ያልተጠራው ስም

ሽማግሌው ስቅታ ከያዛቸው አምስተኛ ቀናቸው ነበር። ወገዳ ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ነርሷ የሰጠቻቸውን ኪኒን በመዳፋቸው ይዘው ባለቤታቸውን ያዩ ነበር።

«አሁንም... አልጠራሽውም?» አሏቸው።

ሰው ስቅ የሚለው ሌላ ሰው ሲያነሳው ነው፤ የዚያ የሚያነሳው ሰው ስም ሲጠራ ስቅታው ይለቃል ይባላል። ሴትዮዋ የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የንስሐ አባታቸውን ስም ሳይቀር ጠርተው ጨርሰዋል። የቀራቸው የልጃቸው ስም ብቻ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

«ብጠራውና ባይለቅዎትስ?» አሉ ሴትዮዋ። «ያን ጊዜ ምን እሆናለሁ?»

ሽማግሌው ኪኒኑን ዋጡ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የባላቸውን ደረት ደረቱን ያዩ ጀመር። ደረቱ ዘለለ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ዘለለ። ፀሐይዋ ከአግዳሚው ስትሸሽ ስቅታው ጸጥ አለ። ሴትዮዋ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ደግመው እስኪጨርሱ ጠበቁ። ስቅታው እንደማይመለስ ሲያምኑ፣ ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ ብለው በቀስታ፣

«ቻላቸው» ሲሉ የልጃቸውን ስም ጠሩ።

«አየሽ፣ ለቀቀኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «እሱ ነበር ያነሳኝ።»