ጥሩው ቦታ

አባባ ጀርባቸውን ለኮኮናቱ ዛፍ ሰጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አልነሳም ሲሉኝ ይህ ሦስተኛቸው ነው።

የአውሎ ነፋስ መጠለያው ጣሪያ ላይ ሦስት ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። አንድ ሲሆን ሬዲዮ ስሙ፣ ሁለት ሲሆን ተዘጋጁ፣ ሦስት ሲሆን ቤታችሁን ልቀቁ ማለት ነው። የደሴታችን ሰው ለቋል፤ ዶሮ ያለው ዶሮውን አቅፎ፣ ቁርኣን ያለው ቁርኣኑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ። የቀረነው እኛና ኑሩል ነን። ኑሩል ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስጠነቅቅ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ጋሪውን አዙሮ መንገዱ ላይ ይጠብቀናል።

“አጎቴ ገኒ” ይላል አባባን በድምፅ ማጉያው፣ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ፤ “እንደ ሙሽራ እስኪለመኑ ነው? እኔም እኮ ሚስት አለችኝ። ጋሪውም የሰው ነው።”

አባባ አይስቁም። ነፋሱ ገና ልብስ ከማርገብገብ አላለፈም፤ ሰማዩ ግን የመዳብ ቀለም ይዟል። ወፍ አይሰማም።

ይህን አውሎ ነፋስ ከልደቱ ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። የዛሬ ስምንት ቀን ሞቃት ውሃ ላይ የተሰበሰበ ደመና ነበር። በሦስተኛው ቀን መሽከርከር ጀመረ፤ በአምስተኛው መሐሉ ላይ ዓይን ተከፈተለት። ዛሬ ሲመሽ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ነገ ኮረብታዎቹ ላይ ዝናብ ሆኖ ይሞታል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ባሕር በሌለበት ብርዳም አገር ነው። እዚያ እርግጠኛ ነበርኩ። እዚህ አባቴን ከመሬት የሚያስነሳ አንድ ቃል አጥቻለሁ።

“አንቺ ሂጂ፣ ልጄ” ይላሉ። “እኔ ከጃፎር ጋር ነኝ።”

ጃፎር ወንድሜ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አራት። እናታችን ከዚያ በፊት ሞታለች። በዚያ ዓመት አውሎ ነፋስ አባባ ሽርጣቸውን ለሁለት ቀደው ሁለታችንንም ከዚህ ዛፍ ጋር አሰሩን፤ እሱን ከታች፣ እኔን ከላይ። ጠዋት ከሁለታችን በሕይወት የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ “አባትሽ ከወንድ ልጁ አንቺን መረጠ” ይለኛል። አምኜው ኖሬአለሁ። ውጭ አገር ለመማር ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ እንኳ፣ አባቴ ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠኝ ብዬ ጽፌአለሁ።

“ያኔ እኔን መርጠው አዳኑኝ” እላቸዋለሁ። “ዛሬ ተራው የእኔ ነው። በሞቴ ይነሱ።”

ቀና ብለው ያዩኛል።

“አልመረጥኩሽም” ይላሉ።

እኛ የባሕር ሰዎች አልነበርንም። አባባ ያደጉት ከባሕር ርቆ፣ በወንዙ የላይኛው በኩል ባለ አገር ነው፤ ወንዙ እርሻቸውን ሲበላው፣ በደለል ተሠርቶ ከውሃ ውስጥ አዲስ ወደ ወጣው ወደዚህ መሬት መጡ። በእነሱ አገር ሰው የሚገድለው ነፋስ ነው፤ ቆርቆሮ የሚያበር፣ ዛፍ ገንጥሎ የሚጥል። ባሕር ተነስቶ ደጅ ድረስ ይመጣል ያላቸውን ጎረቤት ስቀውበታል። ስለዚህ፣ አሁን እንደሚነግሩኝ፣ ያኔ ነፋሱ ሲበረታ አስቀድመው ጃፎርን፣ የቤቱ ግድግዳ በሚከልለው በኩል፣ በደረታቸው ከፍታ አሰሩት። ከዚያ በኋላ የተከለለ ቦታ አልቀረም። ጣሪያው ላይ ወጡና ነፋሱ በሚገርፈው በኩል፣ ክንዳቸው በደረሰበት አሰሩኝ። ሲወርዱ ውሃው መጣ። እሳቸውን ወስዶ ቀርከሃ ውስጥ ወተፋቸው።

“ጥሩውን ቦታ ለእሱ ሰጠሁ” ይላሉ። “ወንድ ነበር፤ የበኩር ልጄ ነበር። ለአንቺ የተረፈውን ሰጠሁሽ። ሰዉ መረጣት ሲል ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።”

ኑሩል ድምፅ ማጉያውን ወደ መሬት አዙሮታል። ሰምቷል።

መናደድ ያለብኝ ይመስለኛል። ንዴቱ ግን አይመጣም። ግንዱን አያለሁ። ኮኮናት የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ግንዱ ላይ የተሠራ ምልክት ከቦታው ከፍ አይልም። ጃፎር የታሰረበትን ቦታ አባባ በቢላ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከርክረውታል፤ ያ ቀለበት ዛሬ በእኔ ደረት ትክክል ነው። ከዚህ ቀን በፊት ቆሜ ተለክቼበት አላውቅም።

“የዛሬው ውሃ እስከየት ይመጣል?” ይላሉ አባባ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ አውሎ ነፋሱ ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ክንዴን ዘርግቼ፣ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ግንዱን እነካለሁ። “ከዚህም ያልፋል።”

ዓይናቸው ከቀለበቱ ተነስቶ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል።

“ይህን ያኔ ብታውቂ፣ የት ታስሪው ነበር?”

ወደ ላይ አያለሁ። የቤታችን ጣሪያ ያኔውኑ ተወስዷል፤ ያ ቦታ አሁን ባዶ አየር ነው። ከጣሪያው ጫፍ ክንድ የሚደርስበት ቦታ የሚበቃው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ።

“እኔ ጋ” እላለሁ። “አብረን።”

አባባ ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ። እጃቸውን ይዘረጉልኛል፤ ስቤ አስነሳቸዋለሁ። ከወረቀት ይቀላሉ።

ኑሩል ሁለታችንን ጭኖ ጋሪውን ወደ መጠለያው ይነዳል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከጎን ይመጣሉ፤ ጨው ጨው ይላሉ። አባባ ወደ ኋላ አይዞሩም። አጠገቤ ተቀምጠው የእጄን አንጓ በጣቶቻቸው ከበውታል፤ ያጠብቁታል፣ መያዙን ይፈትሻሉ፣ ላላ ያደርጉትና እንደገና ያጠብቁታል።