አራቱ ብረቶች

ልጄ ለኒውክሌር ማብላያ የሚሆን የማይዝግ ብረት ታጠናለች። አራት ቁራጮች ስምንት ወር በፈላ ውሃ ተዘፍዝፈው ጠቁረዋል። ነገ ለፈታኞቿ ልታቀርባቸው ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸው ወጣች። እኔ ጥላሸት መስሎኝ በአመድና በሎሚ ፈተግኳቸው።

ስትመለስ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«እማዬ፣ ጥቁሩ እኮ ከዝገት የሚጠብቃቸው ቆዳ ነው። ከአራቱ ቆዳው የማይላጠውን ብረት ለማግኘት ነበር ይሄ ሁሉ ልፋት። አሁን ነገ ምን ላሳያቸው?»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እኔን ይድፋኝ ልጄ። መልሰን ብንቀቅላቸውስ?»

ሦስቱ ብረቶች እንደ መስታወት ያበራሉ። አራተኛውን እያፈርኩ ከጓዳ አመጣሁላት።

«ይሄ እንኳ እንቢ ብሎኛል። በሽቦም ፈትጌው አልለቀቀም።»

ጥቁሩን ብረት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«እማዬ፣ በደንብ ነው የፈተግሽው?»