የአረካ መንገድ

ወልደመስቀል አንድ እግሩን እርካብ ላይ እንዳሳረፈ ሆዱ ጮኸ። በርበሬና ወተት ትቶ በገብስ ሙቅ ብቻ ሰንብቶ ነበር፤ ተቅማጡ ግን እንደ ልማዱ የመንገዱን ቀን ጠብቆ ተነሣበት። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የመንገድ ጓደኞቹን አፍሮ ከሶዶ ሳይርቅ ተመልሷል። አረካ የተዳረችው ልጁ በማግሥቱ ሕፃኗን ክርስትና ልታስነሣ ነው። የልጅ ልጁ ሰማንያ ቀን ሲሞላት፣ እሱ ክንዱ ላይ ምን ያህል እንደምትከብድ እንኳ አያውቅም።

ከእንሰቱ ጓሮ ገርጥቶ ሲመለስ ሚስቱ ብርቄ የበቅሎዋን ጭነት ስትፈታ አገኛት።

«ይቅርብዎ፤ ሰው ፊት ይዋረዳሉ» አለችው።

እጇን ያዘና፣ «መልሰሽ እሰሪው» አላት። «የመንገድ ጓደኞቼ ይቅደሙኝ፤ እኔ በየቁጥቋጦው እየወረድኩ እከተላለሁ።»

የዳሞታን ተራራ ሳያልፍ ሁለት ጊዜ ወረደ። ሁለቴም ኮርቻው ላይ ተመልሶ ሲወጣ፣ የበቅሎዋን ፊት ወደ አረካ አዞረ።