«ማስታወቂያ ነው» የተባለው ወረቀት

«ሴኪዩሪቲ ጥሩልኝ! ይህቺን ሴትዮ ከእናቴ ክፍል አውጡልኝ!»

ሊዑል ነው የሚጮኸው… አውሮራ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ።

በሩ ላይ የቆሙት አጭር ቻይናዊት አሮጊት ግን ንቅንቅ አላሉም።

ወይዘሮ ሊን ይባላሉ። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የቻይና ባህል መድኃኒት ሱቅ አላቸው።

ጠዋት ሊዑል ሱቃቸው ድረስ ሄዶ «እናቴን መርዘሻታል!» ብሎ ሰድቧቸዋል። የሆስፒታሉን ስም ሳይቀር እየጠራ…

ሌላ ሰው ቢሆን ይደበቃል።

እሳቸው ሱቁን ቆልፈው በ15 ቁጥር ባስ ተከትለውት መጡ!

ነርሷ ጤናዬ መሀል ገባች።

«ወንድሜ፣ ድምፅህን ቀንስ። እናትህ ታማሚ ናቸው።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? እኔ መድኃኒት ሪሰርች የማደርግ ሰው ነኝ! ቅጠልና ሥር መቀቀል የመሃይም ሥራ ነው!»

አልጋው ላይ እናቱ እማማ ጌጥነሽ አፍንጫቸውን በፋሻ ይዘው ተኝተዋል።

ለልባቸው ብለው ለዓመታት የደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዳሉ። ከትናንት ጀምሮ ግን የአፍንጫቸው ደም አልቆም ብሏል። ክንዳቸውም በልዞ ጠቁሯል።

ሐኪሞቹ ምክንያቱ ጠፍቷቸው ነበር።

ትናንት ጤናዬ «እማማ፣ ከሐኪም ውጪ የሚጠጡት ነገር አለ?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

እማማ ጌጥነሽ መጀመሪያ ሐኪም ፊት የሚያስተረጉምላቸውን ልጃቸውን አዩ… ከዚያ «ምንም የለም ልጄ» አሉ።

ያቺ አስተያየት ከጤናዬ ዓይን አልጠፋችም።

ዛሬ ጠዋት ሊዑል እናቱ ቤት ልብስ ሊያመጣ ሲሄድ የወይዘሮ ሊን ሱቅ ስም የተጻፈበት፣ የቻይና ሥር ያለበት ፓኬት አገኘ። ጩኸቱ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ወይዘሮ ሊን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ጉልበቷን እየጠቆመች መጣች፤ እንዳመማት ገባኝ። ቋንቋ አልተግባባንም። ስለዚህ ወረቀት ሰጠኋት። በእናንተ ቋንቋ!»

«ውሸታም!» አለ ሊዑል።

ጤናዬ ወደ በሩ ጠቆመች።

«አንተ ውጣ።»

«እኔ?!»

«አዎ፣ አንተ። እሳቸው ይቆያሉ። ምን እንደተጠጣ ካላወቅን እናትህን በትክክል ማከም አንችልም። ክሰሰኝ ከፈለግህ… በዚህ አልጋ ጉዳይ ለማንም አላጎበድድም!»

ወጣ። በሩን በኃይል ዘግቶት ወጣ።

ጤናዬ እማማ ጌጥነሽ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማማ… አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እኚህም አማርኛ አይሰሙም። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

እማማ ጌጥነሽ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ጠጥቻለሁ ልጄ… ሁለት ሳምንት ሆነኝ። በቀን ሦስት ስኒ።»

«ወረቀቱስ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እማማ፣ ወረቀቱስ?»

«መነጽሬ ተሰብሮ ነበር… ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ለሊዑል ሰጠሁት። ምን ይላል ልጄ? አልኩት። ስልክ እያወራ ነበር። ‹ማስታወቂያ ነው እማዬ› አለኝና አስቀመጠው። የተማረው ልጄ አይቶታል ብዬ… ጠጣሁ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ደበቁኝ?»

«እሱ በቆመበት እንዴት ብዬ? ልጄን በሰው ፊት ላዋርደው?»

ልብ በሉ ወገኖቼ! ልጃቸው ከሚያፍር ደማቸው እንዲፈስ መረጡ…

ጤናዬ ጊዜ አላጠፋችም። ሊዑል ከቤት ያመጣውን ፓኬት ይዛ ወደ ሐኪሙና ወደ ፋርማሲስቱ ሮጠች።

ፋርማሲስቱ የሥሩን ስም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ሥር በምርምር የታወቀ ነው። የደም ማቅጠኛን ጉልበት ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ አይወሰዱም።»

የመሃይም የተባለው ሥር ላብራቶሪ ገብቶ ኖሯል። የሚጎዳውም ኃይል ስላለው ነው!

ክኒኑም ሥሩም ቆመ። ማርከሻው ተሰጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰዓት በኋላ ደሙ ቀጥ አለ።

ጤናዬ ኮሪደር ወጥታ ለሊዑል አንዲት ነገር ብቻ ነገረችው።

«መኪናህን ፈትሽ።»

ሄደ… ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እጁ ላይ የተጨማደደ ወረቀት አለ። የወይዘሮ ሊን ሱቅ ጎረቤት፣ ባለግሮሰሪው ለገሠ፣ በአማርኛ የጻፈላቸው ወረቀት…

«የደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ይህን አትንኪ። መልሺልኝ። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አንድ ስኒ እንኳ እንዳትጠጪ።»

ወይዘሮ ሊን አገራቸው ሳሉ በባህል ሕክምና ሆስፒታል ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበሩ። ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ምን ከምን ጋር እንደማይወሰድ ለታማሚ ማስተማር!

ሊዑል እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«እኔም አጥፍቻለሁ። ሳይነበብላት መስጠት አልነበረብኝም። ከዛሬ ጀምሮ ሳይነበብ ከሱቄ የሚወጣ የለም። አንተ ግን ይቅርታህን ለእናትህ።»

ዞረ። «እማዬ…»

እማማ ጌጥነሽ ፋሻውን ከአፍንጫቸው አንስተው ቀና አሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ስማኝ! ከእንግዲህ ሐኪም ፊት አንተ አታስተረጉምልኝም። አስተርጓሚ ይጥሩልኝ። ስለ ገላዬ እኔው እናገራለሁ! አሁን ውጣ… ነርሷን የምጠይቃት አለኝ።»

ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ግን በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ የምትጠጡትን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ፤ ሥርም ቢሆን፣ ሻይም ቢሆን። እናት የሰጠቻችሁንም ወረቀት አንብቡት። ዲግሪ ያላነበበውን አያውቅም!

እስቲ በእውነት መልሱልኝ… እናታችሁ «ምን ይላል ልጄ?» ብላ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠቻችሁ ወረቀት አሁን የት ነው ያለው?