የእማማ መርፌ ሳል

እማማ መርፌን የበደለቻት ጉንጬ ናት...

ባዳ አይደለችም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት የገዛ ታናሽ እህቷ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እናታቸው ጉንጬ ቤት ተኝታ ስታጣጥር፣ ታላቅየዋ ከሌላ ከተማ ደወለች።

"ልምጣ ወይ?"

"ደህና ናት፣ አትምጪ። ሥራሽን ሥሪ።"

በማግስቱ እናት ሞተች።

ታላቅየዋ የደረሰችው ለቀብር ነው። የበኩር ልጅ ሆና የእናቷን የመጨረሻ ምርቃት ሳትሰማ ቀረች።

"ምርቃቴን ብቻዋን ልትበላ ነው የዋሸችኝ" አለች... ከዚያ ቀን ጀምሮ እህት የለኝም ብላ በሯን ዘጋች።

ይህቺ ታላቅ እህት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሰፈርተኛው "እማማ መርፌ" ይላታል። ለሙያዋ ይሁን ለምላሷ፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

ከጸሎት አትቀርም። ብቻ "አባታችን ሆይ" ሲደገም፣ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ሲደረስ... ሳል ይይዛታል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እዚያችው ቃል ላይ።

"ኧረ መድኃኒት ውሰጂበት" ትላታለች ጎረቤቷ።

"የኔን ሳል ለኔ ተዪልኝ። አንቺ ስብከት ላይ ማንኮራፋትሽን ታከሚ።"

ባለፈው ሰሞን የጉንጬ ልጅ ደወለች።

"አክስቴ፣ እናቴ ታማለች። ቢመጡ ደስ ይለኛል።"

ሄደች። ልትታረቅ ግን አይደለም... የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስታጠናው የኖረችውን ንግግር ፊት ለፊት ልታራግፈው ነው። መጨረሻው "አፈር እስክትለብሺ ይቅር አልልሽም" የሚል ነበር።

ጉንጬ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያ ስሟን ያወጣላት ጉንጭ የለም። አጥንት ብቻ።

እማማ መርፌ አፏን ሳትከፍት ጉንጬ ቀደመቻት።

"ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፣ እማማ?"

አላወቀቻትም።

"ታላቅ እህት አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት። ካገኟት አንድ ነገር ይንገሩልኝ... እናታችን እየሞተች ደህና ናት ብዬ ዋሸኋት። ምርቃቱን ለብቻዬ ፈልጌ።"

"እና አገኘሽው?" አለች እማማ መርፌ። ድምጿ እንደ መቀስ ይቆርጣል።

"የት አግኝቼው... 'ታላቅሽ ስትመጣ አብሬ እመርቃችኋለሁ' እያለች፣ በር በሩን ስታይ አለፈች።"

እማማ መርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሃያ ሁለት ዓመት ተሰረቅሁ ስትል የኖረችው ነገር... ለካ ማንም እጅ አልገባም።

እናቷ ግን በር በሩን እያየች ነበር። ይሄኛው ከፊተኛው ይብሳል። ንዴቷ እንደ አዲስ ነደደ።

"ይቅር ትለኝ ይሆን?" አለች ጉንጬ፣ የእንግዳዋን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ።

እማማ መርፌ የያዛትን እጅ አየችው። ጉንጬ ልጅ ሳለች ቀሚሷን ጨብጦ ገበያ ለገበያ ይከተላት የነበረው እጅ ነው። ያን የተጠና ንግግር ዋጠችው።

"ይቅር ብላሻለች" አለች በመጨረሻ... "እኔ" ለማለት ኩራቷ እምቢ ብሏት።

ጉንጬ አለቀሰች። ከስንት ቀን በኋላ የቀረበላትን ምሳ ጠርጋ በላች።

እማማ መርፌ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለል ብሏት ስትወጣ፣ ልጅቷ በር ላይ አስቆመቻት።

"አክስቴ፣ እንዳይቀየሙኝ... ነገ ትረሳዋለች። በሽታዋ ነው። የድሮው እንጂ የዛሬው አይያዝላትም። በየጠዋቱ 'እህቴ ይቅር ትለኝ ይሆን' እያለች ነው የምትነሳው።"

"ሃያ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ይቅርታ በአንድ እንቅልፍ ልታጠፋው?"



እማማ መርፌ እየተነጫነጨች ማረፊያዋ ገባች። ሻንጣዋን ቆለፈች። የማለዳውን አውቶቡስ ይዛ ልትመለስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት... አውቶቡሱ ሄደ። እሷ ሻንጣዋን እንደያዘች የጉንጬን በር አንኳኳች።

"ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፣ እማማ? ታላቅ እህት አለችኝ..."

"መልእክተኛ አያሻሽም። እኔው ነኝ፣ ጉንጬ። ይቅር ብዬሻለሁ። ነገም መጥቼ እልሻለሁ።"

ከዚያ እጇን ያዘችና "አባታችን ሆይ" ጀመረች። ጉንጬ ሁሉን ብትረሳም ጸሎቱን አልረሳችም። አብረው ደገሙት።

እዚያች ቃል ላይ ደረሱ...

ሳሉ አልመጣም።

ወገኖቼ፣ ትናንት የተቆረጠ ጨርቅ ነው፣ ማንም መልሶ አይቀጥለውም። ነገ ገና በጌታ እጅ ያለ ጣቃ ነው። የተሰጠን ዛሬ ብቻ ነው። "ዛሬ ስጠን" ከሚለው አጠገብ "ይቅር በለን" የተቀመጠውም ያለ ነገር አይደለም።

ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ሲለን፣ ለብዙ ዓይነት በደል ይመስለናል። ለአንዲቷ በደልም ይሆናል... በየጠዋቱ። ይቅር ብያለሁ ብሎ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሳ እዚያው ቦታ ላይ ሲቆጠቁጠው ያውቀዋል።

እስኪ ሳትዋሹ ከታች ጻፉልኝ...

እናንተስ ያቺ ቃል ጋ ስትደርሱ፣ የማን ስም ነው ሳል የሚያስይዛችሁ?