የድመቷ ካሳ

ሽማግሌው አናጢ በዚህ ዓለም የሚያምኑት ሁለት ነፍስ ብቻ ነበር፤ አንዱ ጓዴ የሚሉት ውሻቸው፣ ሁለተኛው የእህታቸው ልጅ።

ጓዴ ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ አልጋቸው ሥር ነው የሚተኛው። የእህታቸው ልጅ የመጣው ገና በበጋው መግቢያ ነው። ሻንጣውን ባስቀመጠ በሳምንቱ የአናጢው ጉልበት ከዳቸው፤ ሆዳቸውም ምግብ አልቀበል አለ። «ደግነቱ አስታማሚው ከበሽታው ቀድሞ ደረሰልኝ» ይላሉ ለጠያቂ ሁሉ። ልጅ ስላልወለዱ ቤታቸውን ለሱ ተናዘዙለት።

ልጁ አመሻሽ ላይ ወተት አፍልቶ ያመጣላቸዋል።

«አፈር ስሆን አጎቴ፣ ትኩስ ሳለ ይጠጡልኝ።»

ጓዴን ግን ቅናት ያዘው። ኩባያው ከአፋቸው ሊደርስ ሲል ብድግ ብሎ በአፍንጫው ይገፋዋል። አንድ ቀን ካመለጠው በማግስቱ አይስተውም። «በስተርጅናህ ባለጌ ሆንክ!» ብለው ከዘራቸውን ይወዘውዙበታል። ከዚህ ሁሉ የተጠቀመችው የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ድመት ናት። በመስኮት ዘልላ ትገባና፣ የፈሰሰውን ልሳ፣ ወለሉን አጽድታ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሯን ስትከፍት ጓዴ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ደጃፏ ላይ ቆሟል። ድመቷ ሞታ አፉ ላይ ተንጠልጥላለች።

ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አናጢው ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ፤ አላመኑም። ከሴትዮዋ ጋር በአጥር የተነሳ ከተኮራረፉ ቆይተዋል።

«አጥሩ አልሆንላት ሲል በውሻዬ መጣች» አሉ።

«የሰው ተንኮል አያልቅም፣ አጎቴ» አለ የእህታቸው ልጅ።

ነገሩ ችሎት ደረሰ። አናጢው በልጁ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ጓዴ ውጭ ከፍርድ ቤቱ አጥር ብረት ጋር ታስሮ ያላዝናል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ድመቷ ቁስል ነበረባት?»

«ጭረት እንኳ የለባት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በድንጋጤ ነው የገደላት። ሰሞኑን ሲያሯሩጣት ከስታ አጥንቷ ገጥጦ ነበር። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ እሷኑ ነጠቀኝ!» እንባዋ ቀደማት።

ዳኛዋ ሕጉን አስረዱ። የውሻው ባለቤት ካሳ ይከፍላል፤ ይህን ካልፈለገ ውሻውን ለተጎጂዋ ለቆ ከዕዳው ነጻ ይወጣል።

«እከፍላለሁ» አሉ አናጢው ሳያመነቱ። «ቤቴ ይሸጥ እንጂ ጓዴን አልሰጥም።»

ልጁ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «ነገ የሰው ልጅ ቢነክስስ፣ አጎቴ? ለእርስዎ እኔ አለሁ አይደል? አፈር ስሆን፣ ይልቀቁት።»

አናጢው ወለሉን አዩ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የሳቸው ግን በእርጅናቸው ችሎት አቆማቸው። ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

ልብስ ሰፊዋ ጓዴን የዚያኑ ቀን አስገደለችው። በገመድ እየጎተቱ ሲወስዱት ፊቱን ወደ አናጢው መስኮት አዙሮ ይጮኽ ነበር። አናጢው ትራስ ጆሯቸው ላይ ጭነው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ሴትዮዋንም ከነአጥሯ ረገሟት።

ሲመሻሽ የእህታቸው ልጅ ኩባያውን ይዞ ገባ። «አፈር ስሆን፣ ትኩስ ሳለ» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ኩባያውን የሚገፋባቸው አልነበረም፤ አናጢው ወተቱን እስከ ጭላጩ ጠጡት።